ቆሽት ማህፀን ውስጥ እንዴት ያድጋል? ስለ ስኳር በሽታስ ምን ይነግረናል?

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል ጅማ ውስጥ ዛሬም አልጠፋም። ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ሥጋ የሚያዘወትር፣ መኪና የሚነዳ፣ ቦርጭ ያወጣ ሰው በሽታ ተደርጎ ነው የሚወራው። ከከተማው ወጥታችሁ ወደ ማና፣ ወደ ጎማ ወይም ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ብትሄዱ ግን ሌላ ዓይነት ሕመምተኛም ታገኛላችሁ። ቀጭን ነው። ገና ወጣት ነው። በጉልበቱ ሠርቶ የሚያድር ገበሬ ነው። እሱም ኢንሱሊን ይወጋል። «እኔ ጣፋጩን የት አግኝቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን ነው። በሽታው በጣፋጭ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ እሱን ባልነካው ነበር።

የመልሱ አንዱ ክፍል ሰውየው ከመወለዱ በፊት በነበሩት ወራት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን የሚያመርተው አካላችን ቆሽት ነው። ቆሽት ደግሞ አብዛኛው መሠረቱ የሚጣለው ማህፀን ውስጥና በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት ነው። ሳይንቲስቶች ይህ አካል ከምን ተነስቶ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ አሥርት ዓመታት የደከሙት ለዚህ ነው። እኔም ነገሩን በቀላል ቋንቋ ላስረዳ የተነሳሁት ከሩቅ አገር ቤተ ሙከራ ይልቅ ለእኛ አካባቢ የቀረበ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። የእኛን ስጠቀም «ዓ.ም.» እላለሁ።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ 100 ግራም ገደማ የሚመዝን አካል ነው። አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚያልም ፈሳሽ እያመረተ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። በዚህ ሰፊ ክፍል መሃል አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦች ተበታትነው ይገኛሉ። ፖል ላንገርሃንስ የሚባል ጀርመናዊ በ1869፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ በማይክሮስኮፕ አያቸው። ምን እንደሚሠሩ ግን አላወቀም። ዛሬ የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። ሁሉም ተደምረው ከቆሽት ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። ውስጣቸው ያሉት ቤታ ሕዋሳት ኢንሱሊን ያመርታሉ። ኢንሱሊን ደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። አልፋ ሕዋሳት ደግሞ ግሉካጎን የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ይህ ስኳሩ ሲወርድ ከፍ ያደርገዋል።

ዓይነት አንድ በሚባለው ስኳር፣ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቤታ ሕዋሳቱን ያጠፋቸዋል። ዓይነት ሁለት ላይ ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ አይታዘዝም፤ ቤታ ሕዋሳቱም ይህን ለማካካስ ሲሠሩ ቆይተው ያቅታቸዋል። መንገዱ ይለያይ እንጂ በሁለቱም ጥያቄው አንድ ቦታ ይገናኛል። ስንት ቤታ ሕዋስ ይዘን ተነሳን? ስንቱስ ቀረን?

ከቱቦ ላይ የሚወጣ ቡቃያ

ፅንስ በተፈጠረ በ4ኛው ሳምንት ገደማ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና እያረጋገጡ ያሉበት ጊዜ ማለት ነው። በዚያች ጊዜ ወደፊት አንጀት የሚሆን ቀጭን ቱቦ አለ። ከዚህ ቱቦ በጀርባ በኩል አንዲት ቡቃያ ትወጣለች። ጥቂት ቆይታ በሆድ በኩል ሌላ ቡቃያ ትከተላለች። አንጀቱ እያደገ ሲዞር የሆድ በኩሏ ቡቃያ አብራ ትዞርና ከጀርባዋ እህቷ ጋር ትገናኛለች። በ6ኛውና በ7ኛው ሳምንት አካባቢ ይዋሃዳሉ። ቆሽት የምንለው የሁለቱን ድምር ነው። አልፎ አልፎ መዞሩ ይዛነፍና ቆሽቱ አንጀቱን እንደ ቀለበት ከቦ ይይዘዋል። እንዲህ የተወለደ ሕፃን የጠባውን ያስመልሳል፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገውም ይችላል።

የቱቦው ሕዋሳት መጀመሪያ ላይ ይመሳሰላሉ። ታዲያ አንዱ ጉበት፣ አንዱ ጨጓራ፣ አንዱ ቆሽት እንዲሆን ማን ይነግራቸዋል? ጎረቤቶቻቸው ናቸው የሚነግሯቸው። በፅንሱ ጀርባ ኖቶኮርድ የሚባል ዘንግ ተዘርግቷል። በ1998 የሃርቫርዱ ዳግላስ ሜልተንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ከዚህ ዘንግ የሚመጣ መልእክት በአቅራቢያው ባለው የቱቦ ክፍል ላይ ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለ ዘረመል (ጂን፣ ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ) ዝም እንዲል ያደርጋል። ያ ዘረመል ዝም ባለበት ቦታ ቆሽት ይጀምራል። በ2001 ደግሞ በአጠገቡ የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥርም መልእክት እንደሚልክ ታወቀ። የደም ሥር ደም ከማመላለስ አልፎ አካል ሲገነባ መመሪያ ይሰጣል ማለት ነው። እኔን በጣም ካስደነቁኝ ግኝቶች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ውስጥ የሚነቁ ዘረመሎች አሉ። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ፒዲኤክስ 1 የሚባለው ነው። በ1994 ተመራማሪዎች ይህ ዘረመል የሌላቸው አይጦች ሲወለዱ ምን እንደሚሆኑ አዩ። ሌላው አካላቸው ሙሉ ነው፤ ቆሽት ግን የላቸውም። በቀናት ውስጥ ሞቱ። በ1997 ደግሞ ቆሽት ሳይኖረው የተወለደ አንድ ሕፃን ተመረመረ። ከእናትም ከአባትም የወረሰው የፒዲኤክስ 1 ቅጂ ተበላሽቶ ተገኘ።

ታሪኩ ግን ሕፃኑ ላይ አላቆመም። የቤተሰቡ ሰዎች ሲመረመሩ አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ያላቸው ተገኙ። እነዚህ ቆሽት አላቸው። ነገር ግን አድገው በኋላ ስኳር የያዛቸው ነበሩ፤ ያውም በቀላሉ «ዓይነት ሁለት ነው» ሊባል የሚችል ዓይነት። ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ቆሽት ጨርሶ የለም፤ አንዱ ሲበላሽ ቆሽቱ አለ፣ አቅሙ ግን ጎደሎ ነው። የአዋቂ ሰው ስኳር በሽታ ሥሩ ገና ፅንስ ሳለ ሊተከል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ አላውቅም።

ሌላው ኒውሮጂን 3 የሚባል ዘረመል ነው። ቆሽት ውስጥ ካሉት ሕዋሳት የትኞቹ ሆርሞን አምራች እንደሚሆኑ የሚወስነው እሱ ነው። በ2000 ይህ ዘረመል የሌላቸው አይጦች ደሴቶቹ ሳይኖሯቸው ተወለዱና ወዲያው በስኳር ሞቱ። በሰው ፅንስ ላይ ኢንሱሊን ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሕዋሳት ከ8ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ይህ እውቀት በአብዛኛው የመጣው ከአይጥ ነው። አይጥ ሰው አይደለችም። ለምሳሌ በ2012 ቆሽት ሳይኖራቸው የተወለዱ 27 ሰዎች ተመርምረው በ15ቱ ላይ ጋታ 6 የተባለ ዘረመል ተበላሽቶ ተገኘ፤ ያውም አንዱ ቅጂ ብቻ። የአይጥ ቆሽት ግን ይህን ዘረመል ቢያጣም ብዙም ሳይጎዳ ያድጋል። «አይጥ ላይ ስኳርን ፈወሰ» የሚል ዜና ስታነቡ ይህን አስታውሱ።

ብዛቱ ቀድሞ ይወሰናል

በ2007 ከሜልተን ቤተ ሙከራ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ አይጥ ገና ፅንስ ሳለች ወደፊት ቆሽት ከሚሆኑት መነሻ ሕዋሳት ጥቂቶቹን ቀነሱ። ከዚያ ያካክሰው እንደሆነ ጠበቁ። አላካካሰም። አይጧ ያደገችው በትንሽ ቆሽት ነው። ጉበት ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያደርጉ ግን ጉበቱ ተመልሶ ልኩን ያዘ።

ቡና የሚተክል ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ማሳው ላይ የተተከለው ችግኝ ትንሽ ከሆነ፣ በኋላ ኮምፖስት ብትጨምርበት ቡናው ይደረጅ ይሆናል፤ የዛፉ ቁጥር ግን ያው ነው። ቆሽትም መነሻ ሕዋሳቱ ሲያንሱ በኋላ የሚደረግለት እንክብካቤ ብዛቱን አይመልስለትም።

ሁሉ ነገር በልደት ቀን ይዘጋል ማለት ግን አይደለም። ሰው ከተወለደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ቤታ ሕዋሳት በፍጥነት ይባዛሉ። ከዚያ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄድና በአዋቂነት ከሞላ ጎደል ይቆማል። በ2004 አይጥ ላይ የተደረገ ጥናት አዋቂ ከሆኑ በኋላ የሚጨመሩት ቤታ ሕዋሳት በዋነኛነት ካሉት ቤታ ሕዋሳት መከፈል የሚመጡ መሆናቸውን አሳየ። መነሻው ትንሽ ከሆነ የሚከፈለውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ማህፀንና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤታ ሕዋስ የሚጠራቀምባቸው ዋነኛ ጊዜያት ናቸው።

በ2003 የሞቱ ሰዎችን ቆሽት የመረመረ አንድ ጥናት ነበር። ዓይነት ሁለት ስኳር የነበረባቸው ወፍራም ሰዎች፣ ስኳር ካልነበረባቸው ወፍራም ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ የቤታ ሕዋሳቸው መጠን በ63 በመቶ ያነሰ ነበር። ቀጫጭኖቹ ላይ ልዩነቱ 41 በመቶ ነበር። ሲጀመርም ትንሽ ይዘው ተወለዱ ወይስ በበሽታው ምክንያት አጡት? ከሞተ ሰው ቆሽት ይህን መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው ልጆችን ከልደት ጀምሮ መከታተል የሚያስፈልገው። ጅማ የምትገባበትም እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ረሃብ ቆሽት ላይ የሚተወው ምልክት

በ1990 ቤልጂግ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እርጉዝ አይጦችን በሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን በቂ ፕሮቲን ያለው ምግብ በላ። ሌላው ሆዱ ይሞላል፤ ምግቡ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ትንሽ ነው። ፕሮቲን ከጎደላቸው እናቶች የተወለዱት ግልገሎች ደሴቶቻቸው አነስ ያሉ ነበሩ። ሕዋሳቱ የሚባዙት በዝግታ ነው። የደም ሥራቸውም የሳሳ ነው። ልብ በሉ፤ እናቶቹ በልተዋል። የጎደለው ዓይነቱ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሄልስና ባርከር የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሐሳቡን ወደ ሰው አመጡት። ማህፀን ውስጥ ምግብ ያጠረው ፅንስ ለአንጎሉ ቅድሚያ ይሰጣል፤ እንደ ቆሽት ያሉት አካላት ይጎድልባቸዋል፤ ልጁ በኋላ የተትረፈረፈ ምግብ ሲያገኝ ቆሽቱ አይችለውም አሉ። ይህን በሰው ላይ በሙከራ ማረጋገጥ አይቻልም። ታሪክ ግን አሳዛኝ ማስረጃ ትቶልናል። በ1944 እና 45 ክረምት ኔዘርላንድስ በጦርነት ተከብባ ተራበች። ያኔ ማህፀን ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተመረመሩ። ስኳር ጠጥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲለኩ ደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ1932 እና 33 ዩክሬን ውስጥ በደረሰው ረሃብ ጊዜ የተፀነሱትም አድገው ዓይነት ሁለት ስኳር የያዛቸው በብዛት ነው።

እኛም የራሳችን አለን። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በሰሜን ወሎ ያንን ጊዜ ማህፀን ውስጥና በሕፃንነት ያሳለፉ ሰዎችን አድገው ሳሉ መርምሯል። ቁመታቸው አጠር ያለ ነው፤ የደም ግፊት፣ የስብና የስኳር መዛባት አንድ ላይ የሚታይባቸውም ይበዛሉ። ስለዚያ ረሃብ ስናወራ የሞቱትን እናስባለን። ተርፈው ያደጉት ሰዎች አካል ውስጥ የቀረውንም ማሰብ አለብን ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቀጭኑ ወጣት እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር የሚል ዓይነት በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ ነበር። በ1999 ማስረጃው አይበቃም ተብሎ ወጣ። በ2009 ከጎንደር አንድ ጽሑፍ ታተመ። ከመሪዎቹ አንዷ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ናቸው። ገጠር ውስጥ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች አብዛኞቹ ቀጫጭን፣ ድሆችና ወንዶች መሆናቸውን አሳዩ። በአውሮፓ እንደሚታየው ዓይነት አንድ አይመስልም፤ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ሲሉም ጠየቁ። በ2022 ሕንድ ውስጥ ቬሎር ላይ የተደረገ ዝርዝር ምርመራ ችግሩን ቆሽት ላይ አገኘው። የእነዚህ ቀጫጭን ሕመምተኞች ሰውነት ኢንሱሊን ሲያገኝ ይታዘዛል፤ ቆሽታቸው ግን የሚያመርተው በጣም ትንሽ ነው። በ2025 የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህንን «ዓይነት አምስት» ብሎ ተቀበለው። ሁሉም ሳይንቲስት አልተስማማም፤ ክርክሩ ቀጥሏል። በዚያው ዓመት ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት ደግሞ «ዓይነት አንድ» ከተባሉት ወጣቶች ወደ 65 በመቶ የሚሆኑት ላይ የመከላከያ ስህተቱን የሚያሳዩት ፀረ አካላት አልተገኙም አለ።

ለእኔ ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሕክምናው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሰውነቱ ለኢንሱሊን ስለሚታዘዝ መጠኑ ትንሽ ሲበዛበት ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ቤቱ ውስጥ ምግብ የማይኖርበት ቀን ካለ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። ጎንደርና ጅማ የስኳርና የሌሎች ቋሚ ሕመሞችን ክትትል ከትልቁ ሆስፒታል አውጥተው፣ ነርሶችን አሠልጥነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ በማውረድ ቀድመው ከጀመሩት ውስጥ ናቸው። በዚህ ልንኮራ ይገባል። ነርሷ የሕመምተኛውን ጓዳ ታውቃለች። ምርትና እጥረት ሲፈራረቁ መጠኑ እንዴት መቀየር እንዳለበት አብራ ማሰብ ትችላለች።

ስለ ምግብ ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ልበል። በጅማ ዙሪያም ሆነ በከፋና በጉራጌ በኩል እንሰት የብዙ ቤት መተዳደሪያ ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ በድርቅ ጊዜም ሕዝብ አትርፏል። ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ቆጮ ስኳር ያመጣል ያለ ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ቆጮውን ወይም የበቆሎ ቂጣውን ብቻውን ከምትበላ፣ ባቄላ ወይም አይብ ወይም እንቁላል ቢጨመርላት ልዩነት አለው። እንቁላሉን ሁሉ ሰብስቦ ገበያ ከማውጣት በሳምንት ጥቂቱን ለእሷ ማስቀረት ብዙ ቤት ውስጥ የሚቻል ይመስለኛል። ለዚህ ደግሞ ባልና አማት ማወቅ አለባቸው፤ ጫናውን በእሷ ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይደለም።

ጅማ ላይ የሚለኩት ልጆች

ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጅማ ውስጥ የተወለዱ ከ500 በላይ ሕፃናትን መከታተል ጀመሩ። ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለደቂቃዎች አንድ የታሸገ ክፍል ያለው መሣሪያ ውስጥ ይተኛል። መሣሪያው በአየር ልኬት ከሰውነቱ ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ጡንቻና ሌላው አካል እንደሆነ ይለያል። ሕፃኑን አያመውም። እስከ 6 ወሩ ድረስ ደጋግመው ለኩ። ከዚያም ልጆቹ ሲያድጉ መልሰው ጠርተው ቁመታቸውን፣ የደም ግፊታቸውን፣ የደም ስኳራቸውንና ኢንሱሊናቸውን አዩ።

ለምን ክብደት ብቻ አልበቃም? ሦስት ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሕፃናት አንዱ ስብ የበዛበት፣ ሌላው ጡንቻ የበዛበት ሊሆኑ ይችላሉ። ጤና ጣቢያ ያለው ሚዛን ይህን አይለይም። ከተገኙት ነገሮች አንዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስብ በፍጥነት የጨመሩ ሕፃናት በ5 ዓመታቸውም ብዙ ስብ ያላቸው መሆኑ ነው። ጥናቱ ቆሽትን በቀጥታ አያይም። ነገር ግን በልደት ጊዜ የነበረው የስብና የጡንቻ መጠንና በኋላ የሚታየው የስኳርና የኢንሱሊን ሁኔታ አንድ ልጅ ላይ ተገናኝተው እንዲታዩ ያደርጋል። ከድሃ አገሮች ውስጥ እንዲህ ያለ ክትትል የተደረገበት ቦታ ጥቂት ነው። ልጆቻቸውን በፈቃዳቸው ይዘው ለተመላለሱት የጅማ ቤተሰቦች ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ጉዳቱ ከእጥረት ብቻ አይደለም የሚመጣው። እናት ራሷ በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ ካለ፣ ስኳሩ በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል፤ የእሷ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ የፅንሱ ቆሽት ከአቅሙ በላይ ኢንሱሊን እያመረተ ይሠራል። ልጁ ይገዝፋል፤ ምጥ ይከብዳል። ከተወለደ በኋላ ከእናቱ የሚመጣው ስኳር በድንገት ሲቋረጥ ኢንሱሊኑ ደሙ ውስጥ ስላለ ስኳሩ ይወርዳል። «ልጁ ወፍራም ነው፣ ማሻ አላህ» ብለን የምንደሰትበት ልደት አንዳንዴ የስኳር ምልክት ነው። በእርግዝና ክትትል ጊዜ ስኳር መለካት ጥቅሙ ለሁለቱም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ወላጆች ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ስኳር ከያዘው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ምክንያቱ አንድ የዘረመል ለውጥ ነው፤ የተለመደው ዓይነት አንድ አይደለም። በ2004 ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ላይ የቤታ ሕዋሱን ኢንሱሊን የመልቀቂያ መንገድ የሚዘጋ ለውጥ ተገኘ። በ2006 ደግሞ ይህ ለውጥ ያለባቸው 49 ሰዎች ከመርፌ ይልቅ ኪኒን ሲሞከርላቸው 44ቱ ኢንሱሊን አቆሙ። ኪኒኑ እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ፣ አዋቂዎች ለዓይነት ሁለት የሚወስዱት የቆየ መድኃኒት ነው። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የእንዲህ ያሉ ሕፃናትን ዘረመል በነፃ ይመረምራል። ናሙናው በሐኪም በኩል ነው የሚላከው።

ቤታ ሕዋስን በብልቃጥ ውስጥ መሥራት

የገዛ ልጁ በስኳር መያዝ ቀደም ሲል ያነሳሁትን የሜልተንን የሥራ አቅጣጫ ቀየረው። ፅንስ ቆሽትን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ካወቅን ግንደ ሕዋስን በዚያው ቅደም ተከተል መርተን ቤታ ሕዋስ ማድረግ እንችላለን አለ። ግንደ ሕዋስ (ስቴም ሴል) ማለት ገና ወደ ማንኛውም ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። መጀመሪያ የአንጀት ቱቦ ሕዋስ እንዲሆን መልእክት ይሰጡታል። ከዚያ ፒዲኤክስ 1 እንዲነቃ። ከዚያ ኒውሮጂን 3። በ2006 አንድ ቡድን መንገዱን አሳየ፤ ሕዋሳቱ ግን ገና ጥሬ ነበሩ፤ ስኳር ሲጨምር በደንብ አይመልሱም ነበር። በ2014 ሜልተንና ሌላ ቡድን ለስኳር የሚመልስ ሕዋስ በብዛት አመረቱ።

በ2025 የወጣው ውጤት ትልቅ ነው። ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውና ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ይወርድባቸው የነበሩ 12 ሰዎች እንዲህ የተሠሩ ደሴቶች ሙሉ መጠን ወደ ጉበታቸው ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ 10ሩ ኢንሱሊን መውጋት አላስፈለጋቸውም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ሰውነታቸው አዲሱን ሕዋስ እንዳያጠፋው መከላከያቸውን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ አለባቸው። በጥናቱ ከገቡት ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ምክንያቱ ሕዋሱ ራሱ ነው ባይባልም አንደኛው የሞተው መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎችን በሚያጠቃ የአንጎል ኢንፌክሽን ነው። በዚያው ዓመት ስዊድን ውስጥ ለአንድ ሰው ከለጋሽ የተወሰዱና ዘረመላቸው የተስተካከለ ሕዋሳት ክንዱ ጡንቻ ላይ ተተከሉለት። የሚያዳክም መድኃኒት ሳይወስድ ሕዋሳቱ ለ12 ሳምንታት ኢንሱሊን ሲያመርቱ ታዩ። መጠኑ ትንሽ ስለነበር ሰውየው መርፌውን አላቆመም።

ይህ ሁሉ ገና ጥናት ላይ ነው። ዛሬ በገንዘብ «ስቴም ሴል እንተክልልሃለን፣ ስኳርህ ይጠፋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ራቁ። ቤታ ሕዋስን መልሶ እንደሚያበቅል በሰው ላይ የተረጋገጠ ቅጠልም የለም፤ ሽፈራውም ቢሆን። ሰው ተስፋ ሲያጣ የያዘውን ሸጦ ነው የሚገዛው፤ ያሳዝነኛል።

እናንተ ወይም ዘመዳችሁ ቀጭን ሆናችሁ ስኳር ከያዛችሁ፣ ሐኪሙን ስለ ሲ ፔፕታይድ ምርመራ ጠይቁት። ቆሽት ኢንሱሊን ሲያመርት እኩል መጠን ሲ ፔፕታይድ አብሮ ስለሚለቅ፣ የራሳችሁ ቆሽት ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። በሁሉም ቦታ አይገኝም። ባይገኝም ስኳራችሁ የሚወርድባችሁን ሰዓት፣ በቤታችሁ ምግብ የሚያጥርበትን ወቅት ለነርሷ ንገሯት፤ መጠኑ የሚስተካከለው በዚህ ነው። «ዓይነት አምስት ነኝ» ብሎ በራስ ውሳኔ መርፌውን መተው ግን አይሞከርም። ቆሽቱ እጅግ ትንሽ ለሚያመርት ሰው፣ በተለይ ደግሞ ዓይነት አንድ ሆኖ ከተገኘ፣ ኢንሱሊን ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።